ከኮንፌደሬት ጄኔራልነት ወደ ሴናተርነት፦ የዊልያም ማሆንን ሕይወት ከሰነድ መመርመር

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ስለ ዊልያም ማሆን በአማርኛ ረዘም ያለ ጽሑፍ ላዘጋጅ ብዬ ማንበብ ጀመርኩና ግራ ገባኝ። አንዱ የፒተርስበርግ ጀግና ሲለው ሌላው በዚያ ውጊያ ትእዛዙን የሰጠው እሱ አይደለም ይላል። አንዱ ጥቁር ወታደሮችን ያስፈጀ ይለዋል፤ ሌላው ለጥቁሮች ትምህርት ቤት ያስከፈተ። ከየት ልጀምር? ማንንስ ልመን?»

ምላሽ፦

ግራ መጋባትዎ ከንባብ ማነስ የመጣ አይደለም። ማሆን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከተገነጠሉት የደቡብ ክፍለ ግዛቶች (ከኮንፌደሬቶቹ) ጎን የተዋጋ ጄኔራል ነው፤ ታሪኩ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ አንዴ ከ1879 በፊት፣ አንዴ ከዚያ በኋላ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ለምን ወደ እኛ እንዳልመለስኳቸው ወደ መጨረሻው እነግርዎታለሁ።) ስለዚህ አንድ ሰነድ እጅዎ ሲገባ ምን እንደሚል ከማየትዎ በፊት መቼ እንደተጻፈ፣ ጸሐፊው በዚያ ዓመት የየትኛው ፓርቲ ሰው እንደነበረ ይመልከቱ። ይህን ካስለመዱ ከጠቀሷቸው ተቃርኖዎች የመጀመሪያው ይፈታል። ሁለተኛው ግን አይፈታም፤ ሁለቱም እውነት ነውና።

1879 ላይ ምን ሆነ? ቨርጂኒያ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት ለቦይና ለባቡር ሐዲድ የተበደረችው ገንዘብ ከነወለዱ ወደ 45 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። በ1871 የወጣ ሕግ ሁለት ሦስተኛውን ቨርጂኒያ ትክፈል፣ የቀረውን ተገንጥላ የሄደችው ዌስት ቨርጂኒያ ትቻለው አለ፤ የቦንዱ (የዕዳ ሰነዱ) ኩፖን፣ ማለትም የወለድ መቀበያው ወረቀት፣ ለግብር መክፈያ እንዲሆንም ፈቀደ። ግብር ከፋዩ ኩፖን ይዞ ሲመጣ ካዝናው በወረቀት ተሞላ፤ የትምህርት ቤቶች በጀት ደረቀ። ማሆን በ1879 ፌብሩዋሪ ሪችመንድ ላይ «ሪአድጀስተር» የተባሉትን፣ ማለትም ዕዳው ተቀንሶ ይስተካከል ባዮቹን፣ በፓርቲ አደራጀ፤ ጥቁር መራጮችንና ዕዳው ያማረራቸውን ነጮች አንድ ላይ አሰለፈ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሴናተር አድርጎ መረጠው። በማርች 1881 ዋሽንግተን ሲገባ ሴኔቱ ውስጥ 37 ዴሞክራቶች፣ 37 ሪፐብሊካኖች፣ አንድ ከፓርቲ ነጻ የሆነ ሰውና ማሆን ነበሩ። እሱ ከሪፐብሊካኖቹ ጋር ወገነ፤ እኩል የሆነውን ድምፅ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ቼስተር አርተር ሰበሩት። የደቡብ ዴሞክራቶች ይህን በፍጹም ይቅር አላሉትም። የጦርነት ታሪኩም በዚህ ቂም ተነካ።

የፒተርስበርጉን ውጊያ ለአብነት እንውሰድ። የሰሜኑ ጦር ማዕድን ቆፋሪዎች ከ500 ጫማ የሚበልጥ ዋሻ ቆፍረው 8,000 ፓውንድ ባሩድ ከኮንፌደሬቶቹ ምሽግ ሥር ቀበሩና በጁላይ 30 ቀን 1864 ንጋት ላይ አፈነዱት። ውጊያው በእንግሊዝኛ «ክሬተር» የሚባለው ከፍንዳታው በተፈጠረው ጉድጓድ ነው። ማሆን ብርጌዶቹን አምጥቶ መልሶ በማጥቃት ጉድጓዱን አስለቀቀ፤ የሜጀር ጄኔራልነት ማዕረጉም የተቆጠረው ከዚያው ቀን ጀምሮ ነው። በ1880ዎቹ ግን የቨርጂኒያ ብርጌዱን የመራው ዴቪድ ዋይሲገርና ደጋፊዎቹ «ወደፊት ያለው እኔ ነኝ፣ ማሆን አይደለም» የሚል ክርክር ከፈቱ። የተከራካሪዎቹን ቃል ለየብቻ ከማንበብ ይልቅ በአንድ ገጽ ላይ አራት ዓምድ ያስምሩ፦ ጸሐፊው፣ የጻፈበት ዓመት፣ በዚያ ዓመት የነበረው ፓርቲ፣ ትእዛዙን ሰጠ የሚለው ሰው። አሥር ያህል ምስክር ከሞሉ በኋላ ሦስተኛውና አራተኛው ዓምድ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ በዓይንዎ ያያሉ።

የጥቁር ወታደሮቹ እልቂት በተቃራኒው ነው። በዚያ ቀን ከሰሜኑ ጦር፣ በጄኔራል ፌራሮ ከሚመራው የጥቁሮች ክፍለ ጦር የተገደሉት፣ የቆሰሉትና የጠፉት ጥቁር ወታደሮችና መኮንኖቻቸው ከ1,300 በላይ ናቸው፤ ከሞቱት ብዙዎቹ እጅ ከሰጡ በኋላ የተገደሉ ናቸው። የማሆን ወታደሮች በ1864 ኦገስት ለቤተሰባቸው በጻፉት ደብዳቤ ይህን ሳይደብቁ ተናግረውታል። ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ የታተመው ትዝታቸው ግን ነገሩን ያለሳልሳል ወይም ጨርሶ ይዘለዋል። ለዚህ ክፍል በክስተቱ ሰሞን ከተጻፈው አይራቁ። የሌላውን ወገን ድምፅ የሚያገኙት ደግሞ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከሚገኙት የጥቁር ሬጅመንቶች የጡረታ ፋይሎች ነው። ቁስለኛው ወይም ባልቴቷ ጡረታ ለማግኘት በቃለ መሐላ የሰጡት ምስክርነት፣ የጎረቤትና የሐኪም ቃል ሳይቀር፣ እዚያ አለ። 23ኛው የጥቁሮች ሬጅመንት ከዋሽንግተንና ከቨርጂኒያ ብዙ ሰው የመለመለ ስለሆነ ከእሱ ቢጀምሩ ይቀልዎታል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። መጀመሪያ ሠላሳ ያህል ቀኖች ያሉበት አጽም ይሥሩ፤ ከእያንዳንዱ ቀን ጎን ያገኙበትን ሰነድ ይጻፉ። አጽሙ ይህን ይመስላል፦ በዲሴምበር 1 ቀን 1826 ሳውዝሃምፕተን ካውንቲ ውስጥ ተወለደ፤ በ1847 ከቨርጂኒያ ወታደራዊ ተቋም ተመረቀ፤ በ1853 የኖርፎክና ፒተርስበርግ ባቡር ሐዲድ ዋና መሐንዲስ ሆነ፤ በ1861 የ6ኛው ቨርጂኒያ እግረኛ ሬጅመንት ኮሎኔል፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ብርጋዴር ጄኔራል፤ በኦገስት 1862 ሁለተኛው ማናሳስ ላይ ቆሰለ፤ ከ1881 እስከ 1887 ሴናተር፤ በ1889 ለገዥነት ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ በኦክቶበር 8 ቀን 1895 ዋሽንግተን ውስጥ አረፈ፤ ፒተርስበርግ፣ ብላንድፎርድ መቃብር ተቀበረ። የኮንግሬስ አባላት የሕይወት ታሪክ ማውጫ ለአገልግሎት ዘመኑ ይበቃል። ከዚያ ያለፈ ነገር አይጠብቁበት።

ለጦርነት ዘመኑ ሁለት ዓይነት ሰነድ አለ። አንደኛው የግል አገልግሎት ፋይሉ ነው። የኮንፌደሬት ጄኔራሎችና የዕዝ መኮንኖች ፋይል በብሔራዊ ቤተ መዛግብት የማይክሮፊልም ቁጥር ኤም 331፣ የቨርጂኒያ ሬጅመንቶች ደግሞ በኤም 324 ተመድቧል። ማሆን ኮሎኔል ሳለ በሬጅመንቱ፣ ጄኔራል ከሆነ በኋላ በጄኔራሎቹ ምድብ ስለሚገኝ ሁለቱንም ይክፈቱ። ብዙ ሰው አንዱን አይቶ «ፋይሉ ባዶ ነው» ብሎ ይሄዳል። ፋይሉ ውስጥ የሚያገኟቸው ካርዶች ከጦርነቱ ብዙ ዓመታት በኋላ የመንግሥት ጸሐፊዎች ከዋናው መዝገብ የገለበጧቸው ናቸው፤ ስምና ቀን ተሳስቶ ሊገለበጥ ይችላል። ከካርዶቹ ቀጥለው የሚመጡትን ዋና ወረቀቶች፣ የደመወዝ ደረሰኝ፣ የፈረስ ቀለብ መጠየቂያ፣ የፈቃድ ማመልከቻ የመሳሰለውን፣ አይዝለሉ። ሰውየው በዚያ ሳምንት የት እንደነበረ ከማንም ትዝታ ይልቅ የቀለብ መጠየቂያው በትክክል ይናገራል።

ሁለተኛው የጦርነቱ ይፋዊ መዛግብት ስብስብ ነው፤ 128 መጻሕፍት ያሉት፣ በኢንተርኔት በነጻ የሚነበብ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው በአጠቃቀስ ነው። በጀርባው ላይ ያለው የመጽሐፉ መለያ ቁጥርና የቅጹ ቁጥር የተለያዩ ናቸው፤ ስለዚህ ምንጊዜም ተከታታዩን (በእንግሊዝኛ «ሲሪስ»)፣ ቅጹን፣ ክፍሉንና ገጹን አብረው ይጻፉ። የክሬተር ውጊያ በአንደኛው ተከታታይ ቅጽ 40 ነው፤ ክፍል 1 ሪፖርቶችን፣ ክፍል 2 እና 3 ደብዳቤና ቴሌግራም ይይዛሉ። የጌቲስበርግ ደግሞ ቅጽ 27 ነው፤ የኮንፌደሬቶቹ ሪፖርት ክፍል 2 ላይ ነው። ማሆን ስለ ጌቲስበርግ የጻፈው ሪፖርት በጣም አጭር ነው። ብርጌዱ በጁላይ 2 ቀን 1863 ለምን ወደፊት አልሄደም የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ የሚያነጋግረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ ዝምታውን በግምት አይሙሉት።

ከጦርነቱ ወደ ፖለቲካ የተሻገረበትን ድልድይ የሚያሳየው የምሕረት ማመልከቻ ፋይል ነው፤ ቁጥሩ ኤም 1003። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን በሜይ 29 ቀን 1865 ባወጡት አዋጅ አጠቃላይ ምሕረት ሰጥተው 14 ዓይነት ሰዎችን ለይተው አስቀርተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከኮሎኔል በላይ ማዕረግ የነበራቸውና ከ20,000 ዶላር በላይ ግብር የሚከፈልበት ንብረት ያላቸው ይገኛሉ። እነሱ ለየብቻቸው ማመልከት ነበረባቸው። ፋይሎቹ በክፍለ ግዛት፣ ከዚያ በስም ፊደል ተራ ተቀምጠዋል፤ ማመልከቻውን፣ የታማኝነት መሐላውንና የድጋፍ ደብዳቤዎችን ይይዛሉ። የድጋፍ ደብዳቤውን ማን እንደጻፈ ልብ ይበሉ፤ ከ15 ዓመት በኋላ ያሉት የፖለቲካ ወዳጅነቶች ሥር አንዳንዴ እዚያ ይገኛል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ የተለመደ ስሕተት ላንሳ። «14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሹመት ከልክሎት የ1872ቱ የምሕረት ሕግ ፈታው» የሚል ዐረፍተ ነገር ለሁሉም ኮንፌደሬት መኮንን ይለጠፋል። ማሻሻያው የሚከለክለው ከጦርነቱ በፊት በሹመት ላይ ሆኖ ሕገ መንግሥቱን እጠብቃለሁ ብሎ የማለና በኋላ ያመፀ ሰውን ብቻ ነው። ማሆን ከጦርነቱ በፊት የባቡር ሐዲድ መሐንዲስና ኃላፊ ነበር። ክልከላው ነክቶታል ከማለትዎ በፊት መሐላ የሚጠይቅ ሹመት እንደነበረው የሚያሳይ ወረቀት ይፈልጉ፤ ካላገኙ ዐረፍተ ነገሩን ይሰርዙት።

ንብረቱንና በባርነት ያስያዛቸውን ሰዎች ለማጥናት የ1850 እና የ1860 ሕዝብ ቆጠራ የባሪያ መዝገብ ፋሚሊ ሰርች በተባለው የትውልድ ሐረግ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። መዝገቡ የባለቤቱን ስም እንጂ በባርነት የተያዙትን ሰዎች ስም አይጽፍም፤ ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ብቻ ነው። በማሆን ስም ሥር ያለውን መስመር ቆጥረው ቢያቆሙ ታሪኩ ይጎድልብዎታል፤ የቨርጂኒያ ባቡር ሐዲዶች የተሠሩት በአብዛኛው ከጌቶቻቸው በዓመት ኪራይ በተወሰዱ ሰዎች ጉልበት ነው፤ እነዚህ ሰዎች የሚመዘገቡት በአከራዩ ስም ነው። ስለዚህ ሪችመንድ በሚገኘው የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት የክፍለ ግዛቱን የሕዝብ ሥራዎች ቦርድ መዝገብ ይጠይቁ። ክፍለ ግዛቷ የባቡር ሐዲዶቹ ባለድርሻ ስለነበረች ኩባንያዎቹ በየዓመቱ ሪፖርት ያቀርቡ ነበር፤ ወጪው፣ የሠራተኛው ሁኔታ፣ ሐዲዱ የደረሰበት ማይል ሁሉ እዚያ አለ። ማሆን በዲዝማል ረግረግ ላይ የዛፍ ግንድ እየነጠፈ ሐዲድ ያሳለፈበትን ዘዴ መጻፍ ከፈለጉም ከአድናቂዎቹ ጽሑፍ በፊት ይህን ይዩ።

የቨርጂኒያን አስተዳደር የማያውቅ ተመራማሪ በርስት ውልና በኑዛዜ ፍለጋ ብዙ ቀን ያባክናል። በቨርጂኒያ ከተሞች ከካውንቲ ነጻ ናቸው። ፒተርስበርግ በካርታ ላይ ዲንዊዲ ካውንቲን ተጠግታ ስላዩ ወደ ዲንዊዲ ፍርድ ቤት አይሂዱ፤ ከተማዋ የራሷ ፍርድ ቤትና መዝገብ አላት፤ ኖርፎክም እንዲሁ። የልጅነት ዘመኑ ግን ሳውዝሃምፕተን ካውንቲ ነው። አባቱ መጠጥ ቤትና ማረፊያ ያስተዳድሩባት የነበረችው ጀሩሳሌም ዛሬ ኮርትላንድ ትባላለች፤ በአሮጌው ስም ካልፈለጉ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ወረቀት አይገኝልዎትም። የናት ተርነር የባሪያዎች አመፅ በ1831 የተነሣው እዚያው ካውንቲ ውስጥ ነው፤ ማሆን ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ይህ አመፅ ቀረጸው የሚሉ ጽሑፎች ያጋጥሙዎታል። የአራት ዓመት ልጅ ምን እንዳሰበ የሚነግር ሰነድ ግን የለም።

የፖለቲካ ሕይወቱ ልብ ያለው ሰሜን ካሮላይና፣ ደርሃም፣ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ነው። የማሆን ወረቀቶች ስብስብ በጣም ግዙፍ ነው፤ ያለ ዕቅድ ከገቡ አንድ ሳምንትም አይበቃዎትም። የስብስቡን መግለጫ ከድረ ገጹ አውርደው የሚፈልጓቸውን ዓመታት ይለዩ። ለርስዎ ጥያቄ ከጃንዋሪ 1879 እስከ ኖቬምበር 1883 ያለው በቂ ነው፤ መነሻው የፓርቲው ውልደት፣ መድረሻው ምክር ቤቱን ያጣበት ምርጫ። ሌላ ቦታ የማያገኙት ነገር የመራጮች ዝርዝር ነው። ማሆን በየምርጫ ጣቢያው ማን ነጭ፣ ማን ጥቁር፣ ማን ወደየት ያዘነብላል የሚለውን በወኪሎቹ ያስመዘግብ ነበር። አንድ ካውንቲ መርጠው ዝርዝሩን ከምርጫው ውጤት ጋር ቢያነጻጽሩ ስለ ሪአድጀስተር አሠራር ከአሥር መጽሐፍ የበለጠ ይማራሉ።

ወደ እሱ የተላኩት ደብዳቤዎች ብዙ ናቸው። እሱ የላካቸው ግን በሁለት መንገድ ነው የሚገኙት፦ በቅጂ መዝገብ ወይም በተቀባዮቹ ወረቀቶች ውስጥ። ሁለተኛው የሪአድጀስተር ሴናተር የሃሪሰን ሪድልበርገር ወረቀቶች ዊልያምስበርግ፣ ዊልያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ ናቸው። በዚያ ዘመን ቅጂ የሚወሰደው እርጥብ ስስ ወረቀት በደብዳቤው ላይ ተጭኖ ቀለሙን እንዲመጥ በማድረግ ነበር። ጽሑፉ ከወረቀቱ ጀርባ ዘልቆ ነው የሚነበበው፤ ብዙውም ደብዝዟል። ከቅጠሉ ሥር ነጭ ወረቀት ያስገቡ፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ ያንሱ፣ ቤት ሲደርሱ ንፅፅሩን ከፍ ያድርጉ። በእያንዳንዱ ፎልደር የመጀመሪያ ምስል ላይ የሣጥኑንና የፎልደሩን ቁጥር አብረው ያንሱ፤ ይህን ያልደረገ ሰው ከሦስት ወር በኋላ አራት መቶ ምስል ይዞ አንዱንም መጥቀስ አይችልም።

ጋዜጦችን በስማቸው ሳይሆን በወገንተኝነታቸው ይያዟቸው። በሪአድጀስተር ዘመን የሪችመንዱ «ዊግ» የማሆን ልሳን፣ «ዲስፓች» የተቃዋሚዎቹ ነበር፤ በ1882 የተመሠረተው «ፕላኔት» የሪችመንድ ጥቁሮች ጋዜጣ ነው። አንድን ስብሰባ ከሦስቱ ያንብቡ። የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት የጋዜጣ ማከማቻና የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍቱ ሁለቱም በነጻ ይፈለጋሉ፤ ነገር ግን ፊደል የሚለቅመው ሶፍትዌር በአሮጌ ኅትመት ላይ ይሳሳታል፤ የስሙን «ኤች» ፊደል «ቢ» ወይም «ኤልአይ» አድርጎ ያነበዋል። የተሳሳቱትን አጻጻፎችም ይፈልጉ፤ «ሪአድጀስተር»ንም በጭረትና ያለ ጭረት። «ማሆኒዝም» የሚለውን የተቃዋሚዎቹን ቃል መፈለግም ጥሩ ምርት ይሰጣል። ባለቤቱ ኦቲሊያ፣ ባሏ ቆስሎ «ሥጋውን ብቻ ነው የነካው» ሲሏት «ዊልያም ምን ሥጋ አለውና!» አለች የሚባለውን ቀልድ ሁሉም ይጽፈዋል። ከመጠቀምዎ በፊት በኅትመት መጀመሪያ የታየበትን ዓመት ይፈልጉ፤ ጥቅሱን ሳይሆን «ይባላል»ን ይዘው የሚወጡ ይመስለኛል።

ለሴኔት ዘመኑ የኮንግሬስ መዝገብ የማርች 14 ቀን 1881ን ገጾች ያንብቡ፤ የጆርጂያው ቤንጃሚን ሂል ማሆንን ከወንበሩ ላይ ሆኖ የተፈታተነበት ቀን ነው። ተናጋሪዎች ቃላቸውን ከኅትመት በፊት ማረም ይችሉ ስለነበር ከማግስቱ ጋዜጣ ጋር ያስተያዩት። በኖቬምበር 3 ቀን 1883፣ ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ዳንቪል ከተማ ውስጥ ነጮች በጥቁሮች ላይ ተኩሰው አራት ጥቁሮችና አንድ ነጭ ሞቱ፤ ወሬው ክፍለ ግዛቷን አዳርሶ ሪአድጀስተሮች ተሸነፉ። ሴኔቱ በ1884 ያወጣው የምርመራ ሪፖርት፣ ቁጥር 579፣ የጥቁሮችንም የነጮችንም ምስክርነት በጥያቄና መልስ ይዟል። የብዙኃኑና የአናሳው መደምደሚያ በፓርቲ የተከፈለ ነው፤ መደምደሚያዎቹን ይተዉና ምስክርነቱን ያንብቡ።

ለጥያቄዎ ሁለተኛ ክፍል መልሱ ከዚህ ሁሉ ይወጣል። በእሱ ፓርቲ ዘመን ቨርጂኒያ የመራጭነት ግብርን ሰርዛለች፣ የግርፋት ቅጣትን አስቀርታለች፣ በ1882 ፒተርስበርግ ላይ ዛሬ ቨርጂኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሆነውን የጥቁሮች ኮሌጅ አቋቁማለች። ያው ሰው በ1888 ጥቁሩ ጆን መርሰር ላንግስተን ለኮንግሬስ ሲወዳደር ተቃውሞታል፤ ላንግስተን ውጤቱን ተከራክሮ ወንበሩን ያገኘው በ1890 ነው። ከክሬተር እስከ ላንግስተን ያለውን «ጠላት ነበር፣ ወዳጅ ሆነ» በሚል አንድ መስመር ለማስኬድ አይሞክሩ፤ ሰነዱ አይፈቅድልዎትም።

ለእኛ አንባቢ ቀረብ ያለ ሰው ከፈለጉ ደግሞ ዊልያም ሎሪንግ አለ። እሱም የኮንፌደሬት ጄኔራል ነበር፤ በኋላ በግብፅ ጦር ውስጥ ተቀጥሮ በማርች 1876 ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ከተሸነፉት አዛዦች አንዱ ሆነ። ስለ ሽንፈቱ የጻፈው ጥፋቱን ወደ ግብፃውያኑ አዛዦች የሚገፋ ስለሆነ ከላይ ያልኩት የዓመትና የወገን ዓምድ ለእሱም ያገለግላል።

ስለ ቀን አቆጣጠሩ፦ ፌብሩዋሪ 1879 በእኛ 1871 ነው። የዕዳ ሕጉ የወጣውም በአውሮፓውያኑ 1871 ነው። ሁለቱን ቢቀላቅሉ አንባቢዎ ፓርቲው ከሕጉ ጋር በአንድ ዓመት የተወለደ ይመስለዋል። ስለዚህ አንዱን አቆጣጠር ይምረጡ፣ በመጀመሪያው ገጽ ይናገሩ፣ አይቀይሩ። ማዕረጉንም ወደ ደጃዝማችና ፊታውራሪ አይመልሱት፤ ሜጀር ጄኔራል ብለው ይተዉት።

ለጉዞው ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ከቤትዎ ሆነው ይፋዊ መዛግብቱን፣ ቆጠራውን፣ ጋዜጦቹንና የዳንቪል ሪፖርቱን ይጨርሱ። ቀጥሎ መታወቂያዎን ይዘው ዋሽንግተን ፔንሲልቬኒያ ጎዳና ላይ ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የተመራማሪ ካርድ ያውጡና የጡረታ ፋይሎቹን ይጠይቁ፤ ከዚያ ሪችመንድ፣ በመጨረሻ ደርሃም። ከሕንፃው ውጭ የሚቀመጡ ሣጥኖች ስለሚኖሩ ከመሄድዎ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ይዘዟቸው። እስክሪብቶ አያስገቡም፤ እርሳስ ይያዙ።